የሐረጎን ምንጭ ማን ይጠብቃት?

እናቴ ጉልበቷን ካመማት ቆየ። ሐኪም ቤት ተመላልሳለች፣ ኪኒኑንም ውጣለች። መስከረም ላይ አንድ ማታ ቡና እየቆላች «ሐርቡ ፍልውሃ ውሰዱኝ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ስታልፉ ሐረጎ ላይ አቁሙልኝ። ያቺን የአባታችሁን ውሃ ልቅመሳት።»

ወንድሜ ቪትዝ አለው። እሁድ ጠዋት ጋቢያችንን ተከናንበን ከደሴ ወጣን።

«የአባታችሁ ውሃ» የምትላት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሐረጎ ዳገት ላይ ያለች የመንገድ ዳር ምንጭ ናት። አባታችን ሾፌር ነበር። በ1980ዎቹ ኤንትሬ ይዞ ከአሰብ ጭነት ያመላልሳል። ያኔ አሰብ የአገሩ ዋና ወደብ ነው፤ እስከ 1990ው ጦርነት ድረስ በኮምቦልቻ፣ በባቲና በሚሌ አድርጎ የሚወርደው መንገድ ቀንም ሌሊትም ከባድ መኪና አይጠፋውም። ትምህርት ሲዘጋ እኔንና ወንድሜን ጋቢና ውስጥ ጭኖን እስከ ኮምቦልቻ ይወስደናል፤ ሲመለስ ደግሞ ይዞን ሐረጎን ይወጣል።

ዳገቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1800 እምብዛም አትርቅም። ይህ ሁሉ ልዩነት ያለው 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ ነው። ጭነት የያዘ ኤንትሬ ግማሹ ላይ ሲደርስ ያቃስታል፣ ይሞቃል። አባቴ ዳር ይይዛል። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል። ሞተሩ እስኪበርድ እንጠብቃለን፣ ከዚያ አባቴ በጨርቅ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ቀስ እያለ ይፈታል። እኛ ባልዲ ይዘን ወደ ምንጯ እንሮጣለን።

ምንጯ ሥሩ ከመሬት ወጥቶ የተጠላለፈ ትልቅ ሾላ ሥር ነበረች። ከሥሩ መሀል ክንድ የሚያህል ውሃ ይወጣል። ግንዱ ላይ ቅቤ ተቀብቷል፤ ቅቤው አርጅቶ ጠቁሮ ጉንዳን ይሄድበታል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ የጨሌ ክር ታስሮበታል። አባቴ ሰጋጅ ሰው ነው፣ ቅቤ የሚቀባ ሰው አልነበረም። ግን ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ምንጯ ዓይን አይጠጋም ነበር። እኛንም «ቅጠል እንዳትበጥሱ፣ እግራችሁን እንዳታስገቡ» ይለናል። መጀመሪያ መኪናው ይጠጣል፣ ቀጥሎ እኛ። ጥርስ የሚያደነዝዝ ውሃ ነበር።

አሁን ሾላው የለም። ጉቶው ብቻ ቀርቷል፣ እሱም በእሳት የተለበለበ ነው። ከጉቶው ጀምሮ እስከ ላይ ድረስ ባሕር ዛፍ ነው። ያ ክንድ የሚያህል ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ተቀምጣ፣ በጣሳ እየቀዳች ትገለብጣለች። ጣሳው እስኪሞላ የመንገዱን መኪና ትቆጥራለች። ዝናቡ ገና ማቆሙ ነው፣ ምንጭ ሁሉ የሚሞላበት ጊዜ ነው እኮ! በጋው ሲገፋ ምን ልትሆን ነው?

ልጅቷ የሞላላትን ጣሳ ለእናቴ ዘረጋችላት። «እማማ፣ ጠጪ፣ እኔ እቀዳለሁ።» እናቴ ተቀብላ አንዴ ተጎነጨችና መለሰችላት። «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ሙይልሽ።» መኪናው ውስጥ ገብታ እስከ ኮምቦልቻ ምንም አላወራችም። ቦርከናን ስናልፍ ብቻ ፊቷን አዞረች። ልብስ ያጠበችበት፣ እኛን ያጠበችበት ወንዝ ነው።

ሐርቡ ያለው ፍልውሃ ደህና ነው። የቦርከና ሸለቆ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ነው፤ መሬቱ የተሰነጣጠቀ ነው። ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በስንጥቁ እየጠለቀ ይወርድና የመሬት ውስጥ ትኩሳት አሙቆት ተመልሶ ይወጣል። እናቴ ጉልበቷን አንድ ሰዓት ያህል ነከረች። ፊቷ ፈታ አለ። ዙሪያው ላይ የሳሙና ወረቀትና የፕላስቲክ ጠርሙስ ተጥሏል፣ ያንን እኔና ወንድሜ ለቅመን በፌስታል አሰርነው። ሌላም ሰው አገዘን። ፍልውሃው ከጥልቅ ስለሚመጣ እኛ ብንበድለውም ቶሎ አይደርቅም። እኔን የሚያንገበግበኝ የቀዝቃዛዋ ምንጭ ነገር ነው። እሷ ውሃዋን የምታገኘው ከበላይዋ ካለው ተዳፋት ነው። ተዳፋቱ ከተራቆተ ወይም ባሕር ዛፍ ከጠጣው፣ አለቀላት።

ባሕር ዛፍ የተከለውን ገበሬ አልኮንንም። ባሕር ዛፍ ባንኩ ነው። ልጁ ስትታመም፣ ሠርግ ሲመጣ አጣና ቆርጦ ይሸጣል። ግን ከምንጭ ዓይን ላይ ተነስቶ መተከል የለበትም፤ ራቅ ይበል፣ ሌላ ቦታ ሞልቷል። ምንጭ ማጎልበት የሚባለውም ሥራ ቢሆን ጥሩ ነው፣ የሚመሰገን ነው። ግን ብዙ ቦታ ያየሁት ዓይኗን በሲሚንቶ ገድቦ፣ ቧንቧ አስገብቶ፣ አጥር አጥሮ መሄድ ነው። የበላይ ተዳፋቷን የሚያይ የለም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲሚንቶው አለ፣ ቧንቧው አለ፣ ውሃው የለም።

«ከተማ ቧንቧ እያለ ስለ ምንጭ ምን አስጨነቀህ» የሚል አይጠፋም። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ መብራት ጠፋ፣ ቧንቧ ደረቀ። ያኔ ጀሪካን ይዘን የት ሄድን? ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ባለበት ከተማ ውስጥ፣ ያጠጣን ምንጭ ነው። ሽማግሌዎቹ የቱ ጋ እንዳለ ስለሚያውቁ ነው የተረፍነው። የኛ ልጆች አያውቁትም።

ድሮ ምንጯን የጠበቃት ፍርሃት ነው። ሾላውን የቆረጠ ይቀሠፋል ይባል ነበር፣ ስለዚህ ማንም አልቆረጠም፤ ሾላው ጥላ ሰጠ፣ አፈሩን ያዘ፣ ውሃው ቀዝቅዞ ወጣ። ዛሬ ያንን የሚፈራ የለም፣ ይመለስም አልልም። ግን በቦታው ምን ተካን? ለእኔ መልሱ ቅሬ ነው፣ የወሎ እድር። ወሎ ውስጥ ቅሬ የማይገባበት ነገር የለም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ያለቅሳል፣ ይቀብራል፣ ይታረቃል፣ የቀረ ይቀጣል። ያ ጉልበት ለቀብር ብቻ ለምን ይሆናል? እያንዳንዱ ቅሬ አንዲት ምንጭ ይያዝ። ከበላይዋ ባሕር ዛፍ የተከለ ይጠየቅ፣ ሾላ የተከለ ይመረቅ። ቢሮ አያስፈልገውም፣ በጀትም አይጠብቅም።

ማታ ስንመለስ ሐረጎ ላይ እናቴ እንደገና አስቆመችን። ልጅቷ ሄዳለች፣ ሁለት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። እናቴ ጀሪካን አላወጣችም። «የቅሬያችሁ ዳኛ ቤት የቱ ነው?» ብላ ጠየቀች። አንዷ ወደ ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሀል ወዳለ ቆርቆሮ ቤት አመለከተቻት። በዚያ ጉልበት ወጣች። ልንደግፋት ብንል እምቢ አለች። እኛ ፍሬቻ አብርተን መንገድ ዳር ጠበቅናት።

ጨለማው ሲበረታ ተመለሰች። የፊታችን አርብ ከሶላት በኋላ ቀጥረውናል። ወንድሜ ቪትዙን ያመጣል። እኔ የሾላ ችግኝ እየፈለግሁ ነው፤ ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ።