ስልክ ስንቀይር የራሳችን የሆነው ለምን ይቀርብናል?

ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ወይም ከአይፎን ወደ አንድሮይድ የተሻገረ ሰው ድካሙን ያውቀዋል። አዲሱ ስልክ ፎቶዎቹንና የስልክ ቁጥሮቹን ተቀብሎ «ዝውውሩ ተጠናቋል» ይለዋል፤ ያልተጠናቀቀው የሚታየው ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። የባንክ አፑ መሣሪያውን አላውቀውም ይላል። የማረጋገጫ ኮድ የሚሰጠው አፕ ባዶውን ይከፈታል፤ ኮዶቹ የቀሩት ምናልባት ቀድሞ በተሸጠው ስልክ ውስጥ ነው። ገንዘብ የወጣበት አፕ እንደ አዲስ ክፈል ይላል። በአሮጌው ስልክ በኩል የተጀመረ ወርሃዊ ክፍያ ደግሞ ስልኩ ከእጅ ከወጣ በኋላም መቆረጡን አያቆምም፤ ለማቋረጥ ወደ ቀድሞው አካውንት መመለስ ያስፈልጋልና።

ብዙ ሰው ይህ ሲገጥመው «እኔ ቴክኖሎጂ አይገባኝም» እያለ ራሱን ይወቅሳል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለምና። ከችግሩ ከፊሉ በእርግጥ ቴክኒካዊ ነው። ሁለቱ ስርዓተ ክወናዎች፣ ማለትም ስልኮቹን የሚያንቀሳቅሱት ዋና ፕሮግራሞች፣ የተለያዩ ናቸው፣ ለአንዱ የተጻፈ አፕ በሌላው ላይ አይሠራም። ትልቁ ክፍል ግን ቢፈለግ ሊስተካከል የሚችል፣ ደንበኛው እንዳይወጣ ተብሎ የተተወ እንቅፋት ነው።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። የቪዲዮ ጌም ሠሪው ኤፒክ ጌምስ የአይፎን ሠሪውን አፕልን በከሰሰበት ክርክር እ.ኤ.አ. በ2021 የአፕል ኃላፊዎች የውስጥ ኢሜይሎች ለሕዝብ ይፋ ሆነዋል (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አፕል አይሜሴጅ የተባለውን የመልእክት አገልግሎት የጀመረው በ2011 ነበር። ለአንድሮይድም ይሠራ የሚል ሐሳብ በ2013 ሲነሳ፣ የሶፍትዌር ኃላፊው ክሬግ ፌዴሪጊ ያነሱት ስጋት ስለ ሥራው አስቸጋሪነት አልነበረም። አይፎን የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው አንድሮይድ እንዳይሰጡ የሚያግዳቸው መሰናክል ይነሳል የሚል ነበር። በ2016 ደግሞ ሌላው ኃላፊ ፊል ሺለር፣ አገልግሎቱን ወደ አንድሮይድ መውሰድ ከሚጠቅመን ይልቅ ይጎዳናል ብለው ጻፉ። እንቅፋቱን እንቅፋት ብለው የጠሩት ራሳቸው ናቸው።

የዚህን ውሳኔ ዋጋ የከፈለው ተራው ተጠቃሚ ነው። አይፎኑን ትቶ የወጣ ሰው ቁጥሩ በአይሜሴጅ መዝገብ ላይ ስለሚቀር፣ አይፎን የያዙ ወዳጆቹ የሚልኩለት መልእክት አዲሱ ስልኩ ላይ ሳይደርስ ይቀር ነበር። ላኪው ደርሷል ብሎ መልስ ይጠብቃል፤ ተቀባዩ መልእክት መኖሩንም አያውቅም። ሰዎች በዚህ መሐል ምን ያህል እንደተቀያየሙ ማን ይቆጥረዋል? አፕል ቁጥርን ከመዝገቡ ማስወጫ ገጽ ያዘጋጀው በኅዳር 2014፣ አገልግሎቱ ከተጀመረ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በሁለቱ ስልኮች መካከል በመደበኛው መልእክት የሚላክ ቪዲዮም ለዓመታት ደብዝዞና ተጨማድዶ ሲደርስ ኖሯል። በ2022 በአንድ ጉባኤ ላይ አንድ ሰው ለእናቴ የምልክላትን ቪዲዮ ማየት አትችልም ብሎ በወቅቱ የአፕል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ለነበሩት ለቲም ኩክ ቢነግራቸው፣ መልሳቸው ለእናትህ አይፎን ግዛላት የሚል ነበር። አፕል አርሲኤስ የተባለውን፣ የተለያዩ ስልኮች የሚግባቡበትን የጋራ የመልእክት መስፈርት፣ በአይፎን ስርዓተ ክወና በአይኦኤስ 18 የተቀበለው በ2024 ነው። ችግሩ መፍትሔ ነበረው ማለት ነው።

ዋትስአፕም የሚጠየቅበት አለው። የአንድሮይዱ ባክአፕ (የመልእክቶቹ መጠባበቂያ ቅጂ) በጎግል ድራይቭ፣ የአይፎኑ በአይክላውድ ይቀመጥ ነበር፤ አንዱ የሌላውን አያነብም። ስለዚህ ስልክ የቀየረ ሰው የዓመታት ጨዋታውን፣ ከዚህ ዓለም የተለዩ ሰዎች የተዉለትን የድምፅ መልእክት ጭምር፣ ጥሎ ይሄድ ነበር፤ አለዚያም ምንነታቸው ለማይታወቅ ፕሮግራሞች ከፍሎ ምስጢሩን አሳልፎ ይሰጥ ነበር። ከአይፎን ወደ ሳምሰንግ በገመድ ማዛወር የተቻለው በ2021፣ ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ደግሞ በ2022 ነው። ቴሌግራም የሚጠቀም ሰው ይህ ጣጣ የለበትም፤ ቁጥሩን አስገብቶ ሲከፍት ከምስጢራዊዎቹ ቻቶች በቀር ሁሉም በቦታው ነው። ግን ይህ የሆነው መልእክቱ በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ ነው፣ እሱም የራሱ አደጋ አለው። ዋትስአፕ መልእክቱን ከላኪና ከተቀባይ ስልክ ውጭ ማንም እንዳያነበው አድርጎ መሥራቱ ማዛወሩን እንደሚያከብደው እቀበላለሁ። የማልቀበለው ይህን እንደ ማስተባበያ ማቅረብን ነው። ምስጢርን ሳያጋልጡ ማዛወር እንደሚቻል ያቺ ገመድ አሳይታለች።

ጎግልና ሳምሰንግም ከዚህ ነጻ አይደሉም። የአፕል ሰዓት ከአንድሮይድ ጋር አይሠራም፤ የጎግሉ ፒክስል ዋች ከአይፎን ጋር አይሠራም፤ ሳምሰንግም ከ2021ዱ ጋላክሲ ዋች 4 ጀምሮ አይፎንን ትቷል። በዝውውር መሣሪያዎቹም የሚታየው ይኸው ነው። አፕል አንድሮይድን ለቅቀው ለሚመጡ በ2015፣ ጎግል አይፎንን ለቅቀው ለሚመጡ በ2022 አፕ አዘጋጁ። ሁለቱም የሠሩት መግቢያ ነው፤ መውጫውን እንዲሠራ የተተወው ለተፎካካሪው ነበር።

መውጫ ደግሞ ያለ ሕግ አይሠራም። የሞባይል ቁጥርን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ የኔትወርክ ድርጅት የቀየረ ሰው ቁጥሩን ያጣ ነበር። ድርጅቶቹ ወጪ ይበዛል እያሉ ለዓመታት ተከራከሩ፤ ከኅዳር 2003 ጀምሮ ግን ደንበኛው ቁጥሩን ይዞ እንዲሄድ ተገደዱ። ዛሬ በስልካችን ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ቁጥሩ ትንሹ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ አፕልንና ጎግልን ጨምሮ ታላላቆቹ ድርጅቶች ተጠቃሚው ዳታውን ይዞ እንዲወጣ እንዲፈቅዱ ያስገድዳል። በዚያው ወር የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር አፕልን ሲከስስ፣ ተጠቃሚዎች ወደ ሌላ ስልክ እንዳይሄዱ ያደርጋል የሚለው ከክሱ ዋና ነጥቦች አንዱ ነበር። የይለፍ ቃልን የሚተካው ፓስኪም ከአንዱ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ አፕ ወደ ሌላው እንዲዛወር፣ የመግቢያ መስፈርቶችን የሚያወጣው የድርጅቶች ጥምረት ፊዶ አሊያንስ በጥቅምት 2024 ረቂቅ መስፈርት አውጥቷል። እነዚህን እርምጃዎች ከልቤ እደግፋለሁ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ብቻ እንዲቀሩም አልፈልግም።

ሕግ የሚያወጡ ሰዎች አንድ ነገር እንዲጠነቀቁ እጠይቃለሁ። «ዳታህን አውርድ» የሚል ቁልፍ አስቀምጦ ግዴታዬን ተወጣሁ ማለት ቀላል ነው። ተጠቃሚው የሚያገኘው በመቶ የሚቆጠሩ ፋይሎች የታጨቁበት አንድ ጥቅል ነው፤ አዲሱ ስልክ ካልከፈተው ምን ይጠቅመዋል? ግዴታው መለካት ያለበት በሌላኛው ስልክ ላይ ነው። መልእክቱ ከነቀኑና ከነላኪው፣ ፎቶው ከነአልበሙ መታየት አለበት። በሁለቱም ዓይነት ስልኮች ላይ አፕ ላለው ሻጭ የተከፈለው ገንዘብ እንደተከፈለ ይታወቅ፤ የወርሃዊ ክፍያዎች ዝርዝርም ስልኩ ከመሸጡ በፊት በአንድ ገጽ ላይ ቀርቦ እዚያው ይሰረዝ። ይህን የመሥራት ሸክም ደግሞ ደንበኛው በሚሄድበት ድርጅት ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም፤ ጥሎት የሚወጣውም ድርጅት ይሸከም።