የሬንጅ ነጥብና መካሪዎቹ

በሰሜን ሸዋ መንገድ ያልለመነ ወረዳ የለም። በየስብሰባው አንድ ሽማግሌ ተነስተው «አስፋልት ይግባልን» ይላሉ፤ ባለሥልጣኑ «ይገባላችኋል» ይላል፤ ይጨበጨባል። ዓመታት አልፈው መንገዱ የመጣ ዕለት ግን ቀድሞ የሚደርሰው ሬንጁ ነው። ጠጠሩ ተነጥፎ፣ በሮለር ተዳምጦ፣ ሬንጅ በተረጨበት ቀን ደግሞ ነጭ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ወይ ለቅሶ ይደርሳል፣ ወይ ማኅበር አለበት፣ ወይ አማቶቹ ጠርተውታል። ማታ ሲመለስ ከፊት ጎማው ኋላ ያለው ላሜራ፣ የበሮቹ ግርጌና የኋላ ባምፐሩ ተልባ የተበተነበት ይመስላል።

ነጥቡ ወሬ አይደብቅም። ለሚስቱ «ስብሰባ ነበረብኝ» ያለ ሰው የት እንደዋለ በሩ ላይ ተጽፎበታል፤ በዚያ ሰሞን ሬንጅ የሚረጨው አንድ መንገድ ብቻ ነዋ። ጥር ላይ መኪናውን ለሙሽራ ያዋሰ ሰው ደግሞ «ምንም አልሆነች፣ እንዲያውም ታጥባ ነው የመጣችው» ይባላል። እውነት ነው፣ ታጥባለች። ሬንጅ ግን በውሃም በሳሙናም አይለቅም፤ አቧራው ሲሄድለት ጎልቶ ይታያል እንጂ።

ጠጠሩ ላይ መጀመሪያ የሚረጨው ንጹሕ ሬንጅ አይደለም። ወፍራም ስለሆነ ወደ ታች እንዲሰርግ በላምባ ያቀጥኑታል፤ የመንገድ ባለሙያዎች ኤምሲ 30 ይሉታል። ላምባው ተንኖ እስኪደርቅ ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ እንደ ጣርማበር ባለ ብርድማ ከዚያም ይዘገያል። ያ ሳይሆን ያለፈ ጎማ ሬንጅ የለበሰች ጠጠር እያነሳ የራሱን ጎን ይደበድባል። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ብዙም አይነካውም። በ60 የሚበር፣ ያውም ሲኖትራክ ኋላ ተለጥፎ የሚበር፣ ከሲኖትራኩም ድርሻውን ይወስዳል። ማስለቀቂያውም ከዚሁ ታሪክ ይወጣል፦ ሬንጅ ውሃን አያውቀውም፣ ላምባ ግን ዘመዱ ነው።

ይህን ቀላል ነገር ለመስማት ግን መጀመሪያ ሰፈሩን ማለፍ ያስፈልጋል። እንግዳ እንጀራ፣ ባለመኪና ምክር አይነፈግም። መኪናው በር ላይ እንደቆመ የላቫጆው ልጅ «ኦሞ በትንበት፣ በሽቦ እሸዋለሁ ጋሼ» ይላል። ያልሟሟ ኦሞ አሸዋ ነው፤ ሽቦውም የድስት ቂጥ እንጂ የመኪና ጎን አያውቅም። ከላይ ያለው ግልጽ ቀለም ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ50 ማይክሮን አይበልጥም፣ ከሰው ፀጉር የሚቀጥን ማለት ነው። ሽቦው ሬንጁን አንስቶ በቦታው የክብ ክብ ጭረት ይተክላል። ከዚያ ጡረታ የወጣ መቶ አለቃ መጥቶ «ምላጭ» ይላል። ደብረ ብርሃን ላይ ጧት ሬንጁ በውርጭ ደርቆ እንደ ድንጋይ ስለሚሆን ምላጩ ሲፈነቅለው ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። መቶ አለቃው ያን ጊዜ ቤቱ ገብቷል።

ጎረቤትየው እማማ ብቅ ብለው «ልጄ፣ ቅቤ ቀባው» ሲሉ ወንዱ ሁሉ ይስቃል። ከመካሪዎቹ ለእውነት የቀረቡት እሳቸው ናቸው። ቅባት ሬንጅን ያለሰልሳል፤ ትኩስና ጥቃቅን ነጥብ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቅባት ውስጥ ከቆየ በለስላሳ ጨርቅ ይነሳል። ችግሩ በደብረ ብርሃን ቅዝቃዜ ቅቤው ራሱ የሚያቀልጠው መፈለጉ፣ በዚህ ዋጋም ቅቤ ከራስ ተርፎ በር ላይ የሚቀባ ቤት መጥፋቱ ነው። የምግብ ዘይት ያው ሥራ ይሠራል። ሲያልቅ ግን በሳሙና መታጠብ አለበት፤ አለዚያ የመንገዱ አቧራ ይለጠፍበትና ነጥብ የነበረው ካርታ ይሆናል።

የሚኒባስ ሹፌሩ የሚያውቀው ቤንዚን ነው። ያስለቅቃል፣ ግን ቶሎ ስለሚተን ሬንጁን በደንብ ሳይፈታ ይደርቅና በቦታው ቡናማ ጥላ ይተዋል። ይልቁንም ቡና ተፈልቶ ከሰል በቀላበት ግቢ የቤንዚን ጆግ ይዞ መግባት የመኪናን ብቻ ሳይሆን የቤትንም ቀለም የሚመለከት ጉዳይ ነው።

ዋናው መካሪ መጨረሻ ይመጣል፤ ቀለም ቀቢው። «ቲነር ነካ አድርገው፣ አለቀ!» ያልቃል፤ አልዋሸም። ፋብሪካ ውስጥ የተቀባ ቀለም በምድጃ ሙቀት ስለሚጠነክር ለአፍታ ቲነር ቢያልፍበት ላይሞት ይችላል፤ ቆይቶ ከታሸ ግን እሱም ወዙን ያጣል። በየጋራዡ የሚቀባው ናይትሮ የሚባለው ቀለም ሌላ ነው። የሚደርቀው ያቀጠነው ቲነር ስለተነነ ብቻ ነውና፣ ቲነር ሲመለስለት ተመልሶ ይቀልጣል። ነጭ ሆኖ የገባ ጥጥ ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ መኪናዋ ስትሸጥ የተነገረላትን ማስታወስ ነው፦ «ኦሪጅናል ቀለም፣ ጭረት የማታውቅ፣ ሐኪም የያዛት»። ሐኪሙ የነካት ይመስላል፣ ያውም ቀዶ ጥገና። በግራ በር ጥጡ ቀለም ይዞ ወጥቶ በቀኝ በር ንጹሕ ከወጣ ግጭቱ በግራ ነበር። ደላላው ሲደወልለት አይነሳም። እንዲህ ሲሆን ያኔውኑ ማቆም፣ ቲነሩ የነካውን ቦታ ሳይነኩ ማድረቅ፣ ከዚያ በውሃና በሳሙና ማጠብ ነው፤ በእርጥቡ የሚታሽ ቀለም ይላጣል።

እንግዲህ ላምባው። መኪናው መጀመሪያ በውሃና በመኪና ሻምፖ በደንብ ይታጠብ። አቧራ ያለበትን ላሜራ በጨርቅ ማሸት በብርጭቆ ወረቀት ከማሸት ብዙ አይለይም። በሬሳ በሚባለው የደብረ ብርሃን ወንዝ ዳር የሚያጥቡም ጨርቁን አሸዋ ላይ እንዳይጥሉት፤ የላምባውን እጣቢ ደግሞ ወንዙ ውስጥ አይድፉት፣ ታች ከብት ይጠጣዋል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ይቁም። ሸዋ ሮቢት ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ የመታው ጥቁር ላሜራ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ሬንጁ ይለሰልሳል፣ ላምባው ግን ሳይሠራ ይተናል፣ የለሰለሰውም ሬንጅ እየተቀባ ይሰፋል። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ውርጩ እስኪለቅ፣ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ያህል መጠበቅ ነው።

ለአንድ ጎን አንድ የቡና ስኒ ላምባ ይበቃል። ከበሩ ግርጌ በማይታይ ቦታ ተሞክሮ ቀለሙ ካልተለወጠ፣ ጥጡ ወይም ንጹሕ ጨርቁ ረጥቦ ነጥቡ ላይ ይለጠፍና ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ሳይታሽ ይቆይ። ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን የሚቀመጥ ሁሉ ለሬንጅ ሁለት ደቂቃ አይታገስም። ቡናማ እንባ ማንባት ሲጀምር በቀስታ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠረግ፣ ጨርቁም በእያንዳንዱ ነጥብ ይታጠፍ። በቆሸሸው ገጽ ሁለተኛውን ነጥብ መንካት ሬንጁን ማዛወር ነው፤ ጠጠር ከያዘማ ይጭራል። ሳምንታት የቆየ ነጥብ ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ይፈልጋል። ነጭ ቀለም ላይ ቢጫ ጥላ ከቀረ ዘይቱ ወደ ውስጥ ሰርጎ ነው፤ ለእሱ ላምባ ሳይሆን ፖሊሽ ነው የሚሞከረው። የበር ጎማና ቀለም ያልተቀባ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ላምባ እንዳይቆይ፤ ጎማውን ያሳብጣል፣ ፕላስቲኩንም ያዥጎረጉረዋል።

ሲያልቅ ሁሉም በሳሙና ሁለት ጊዜ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ሰም ይቀባ። ላምባውና ሻምፖው የነበረውን ሰም ይዘውት ስለሚሄዱ ሳይቀባ የቀረ በር ለሚቀጥለው ሬንጅ ይበልጥ ይመቻል። የሚቀጥለው ደግሞ አይቀርም፤ አስፋልቱ ከመነጠፉ በፊት ማጣበቂያ የሚሉት ሌላ ሬንጅ ይረጫል። ጨርቆቹ ከቡናው ከሰል ርቀው ውጭ ይሰጡ፤ ላምባ የተለካበትም ስኒ ረከቦቱ ላይ አይመለስ፣ እማማ በጠረኑ ያውቁታል።