ዋጋውን የከፈለው ማን ነው?

የክርክሩ ርዕስ፦ ንጉሥ ዳዊት ለወደቀ መሪ አርአያ ይሆናል ወይ? ዳዊት የወታደሩን የኦርዮን ሚስት ቤርሳቤህን ወስዶ፣ ኦርዮን በጦር ግንባር አስገድሏል። ተከራካሪዎቹ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርና አንዲት ጠበቃ ናቸው።

መምህሩ፦ በሚገባ ይሆናል። ነቢዩ ናታን የድሃውን በግ ታሪክ ነግሮ «ያ ሰው አንተ ነህ» ሲለው፣ ዳዊት ነቢዩን ዝም ማሰኘት ይችል ነበር። ንጉሥ ነው። እሱ ግን «እግዚአብሔርን በደልሁ» አለ። ከእሱ በፊት የነገሠው ሳኦል ጥፋቱ ሲነገረው በሕዝቡ ነበር ያሳበበው። የንስሐ ጸሎቱን፣ መዝሙር 50ን፣ ዛሬም የምንደግመው ለዚህ ነው። ደግሞም ዳዊት ዋጋውን ከፍሏል።

ጠበቃዋ፦ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ነገር ናት የገረመችኝ። ዋጋውን ከፍሏል? በሰባተኛው ቀን የሞተው ከቤርሳቤህ የተወለደው ሕፃን ነው። በወንድሟ በአምኖን የተደፈረችው ልጁ ትዕማር ናት። የተገደሉት ልጆቹ አምኖንና አቤሴሎም ናቸው። ኦርዮማ የሞት ፍርዱን በገዛ እጁ ይዞ ለጦር አዛዡ ለኢዮአብ አደረሰ። ዳዊት 40 ዓመት ነግሦ፣ አርጅቶ ነው የሞተው። «ደንበኛዬ ዋጋውን ከፍሏል» ብዬ በዚህ መዝገብ ዳኛ ፊት ብቆም አፍራለሁ።

መምህሩ፦ እኅቴ፣ መጽሐፍ ቅዱስ እንደ ወንጀል መዝገብ ሲነበብ እዚህ ይደረሳል። ልጆቹን የቀበረ አባት ዋጋ አልከፈለም? በአቤሴሎም ፋንታ እኔ በሞትኩ ብሎ ያለቀሰውን አንብበውታል? ወይስ ፋይሉ ውስጥ የለም?

ጠበቃዋ፦ አንብቤዋለሁ። ለትዕማር ያለቀሰውን ግን ፈልጌ አጣሁ። 2ኛ ሳሙኤል 13 እጅግ ተቆጣ ይላል፤ ከዚያ ምንም የለም። አቤሴሎም አምኖንን እስኪያስገድል ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም። ማዘን ሌላ፣ ዕዳ መክፈል ሌላ ነው። የፋይሏን ነገር እንደ ቀልድ አልፌዋለሁ።

መምህሩ፦ ቀልድ አልነበረም። እግዚአብሔር ይቅር ካለው በኋላ እኔና እርስዎ ይግባኝ ሰሚ ልንሆን ነው? ጥያቄው እኮ የወደቀ ሰው ይመለሳል ወይ ነው።

ጠበቃዋ፦ ጥያቄው አርአያ ይሆናል ወይ ነበር። ይሁን፣ ይመለስ። ግን ወዴት? አንድ ሰባኪ ሲያጠፋ «ዳዊትም ወድቆ ነበር» ይባላል። ሳይቆይ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። የበደላት ልጅ ከጉባኤው ጠፍታለች። ስለ ኢዮአብ ግን ማንም አያነሳም። ደብዳቤውን አንብቦ የታዘዘውን የፈጸመው እሱ ነው። ናታን ብርቅ ነው፤ ኢዮአብ ግን በየደብሩ ሞልቷል።

መምህሩ፦ ዳዊትን ትተው ሰባኪዎች ላይ ዘመቱ። እኔ ቶሎ ይመለስ ብዬ አላውቅም። ነፍስ አባት አለ፣ ቀኖና አለ። ያንን ሳይፈጽም ማይክ የሚጨብጥ ካለ ዳዊትን አይጥቀስብኝ።

ጠበቃዋ፦ መፈጸሙን ማን ያያል? ልጅቷስ ትጠየቃለች?

መምህሩ፦ ምስጢረ ንስሐ አደባባይ አይወጣም። ለማያምን ሰው ይህን ማስረዳት ይከብዳል። ማቴዎስ እንኳ የጌታን የዘር ሐረግ ሲጽፍ ቤርሳቤህን «የኦርዮ ሚስት» ብሎ ነው የመዘገባት። የተበደለው ሰው ስም አልተደበቀም።

ጠበቃዋ፦ የሷ ስም ግን እዚያ የለም። ደግሞ አምናለሁ፣ እቆርባለሁም፤ እሱን ለእኔ ይተዉልኝ። ልጅቷ ትጠየቃለች ወይ ብዬ ነበር።