ሰማይ እያፈሰሰልን የምንጠማ ሰዎች

ለጎንደር የመጠጥ ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ፣ ከተማዋ ደግሞ በየአቅጣጫው እየሰፋች ነው። ከግድቡ በላይ ያለው ተዳፋት ያለ እርከን ሲታረስ ክረምቱ አፈሩን አጥቦ የውሃውን ቦታ ያስይዘዋል። በዚህ ከቀጠልን ዛሬ የምናማርርበት የወረፋ ውሃ ራሱ ይናፍቀናል።

የሚያንገበግበኝ ግን ከጣሪያችን የሚፈሰው የዝናብ ውሃ ነው! 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1 ሊትር ነው። 40 ካሬ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 800 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 40 ጊዜ ይሞላል። አሸንዳ ስለሌለ ሁሉም ቦይ ይገባል። አሸንዳ የሰቀለውም የመጀመሪያውን ዝናብ ከነአቧራው፣ ከነወፍ ኩሱ ሮቶ ውስጥ ይለቀዋል። ክዳኑም ክፍት ነው፤ ብርሃን ሲገባ አረንጓዴ ያወጣል፣ ይሸታል። ከዚያ «የዝናብ ውሃ አይረባም» ይባላል። ኧረ ባካችሁ፣ ሰኔ ሳይገባ አሸንዳውን ጥረጉ!