የፍሬን ያለህ!

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቮልስ የሚነዳ ሰው ወዳጅ አያጣም። ትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም ከጎኑ ያለው መኪና መስታወት ይወርዳል። «ትሸጣታለህ?» ነዳጅ ቀጂው ይጠይቃል። መኪና አጣቢው ልጅ ይጠይቃል። ልጁን የሚድር ጎረቤት «ለሙሽሮቹ አንድ ቀን ብቻ» እያለ ደጅ ይጠናል። ስለ ቀለሟ፣ ስለ ዓይኗ፣ ስለ ድምጿ የማያወራ የለም። ትቆማለች ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

አትቆምም። ማለቴ ትቆማለች፣ ግን ቀደም ብሎ መለመን ያስፈልጋል። ፔዳሉ አንዴ ሲረገጥ ወለል ይነካል፤ ሲደጋገም ነው ትዝ የሚላት። መካኒኬ ሥሯ ገብቶ ወጣና ፈረደ፦ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው የፍሬን ማስተሯ ጎሚኒው አልቋል፤ የፊት ታምቡሮቿም፣ ፍሬኑ ጎማውን የሚይዝባቸው ክብ ብረቶች፣ ተበልተው ተበልተው ከእንግዲህ ቶርኖ ቤት ገብቶ መላጥን አይችሉም። «እስከዚያው በእጅ ፍሬን ንዳት» አለኝ፣ እጁን በቤንዚን እየታጠበ። «ቁልቁለት ግን አትሞክር።»

የምኖረው ሽሮ ሜዳ ነው፣ እንጦጦ ግርጌ።

የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድኩ፣ በታክሲ። እዚያ «የለም» ማለት ነውር ነው። «የቮልስ የፊት ታም...» ብለህ ሳትጨርስ «አለ!» ይሉሃል። በርጩማ ይቀርባል፣ ሻይ ይታዘዛል፣ ልጁ በጠባቧ መተላለፊያ ሽው ብሎ ይጠፋል። ሻዩ ሲያልቅ የላዳ ታምቡር ታቅፎ ከች።

«ይሄ የላዳ ነው እኮ።»

«ብራዘር፣ ፍሬን ፍሬን ነው።»

ሌላው ደግሞ እውነተኛ የቮልስ አመጣልኝ። ደስ አለኝ፤ ቀዳዳዎቹን እስክቆጥር ድረስ። የድሮዎቹ ቮልሶች ቸርኬ በአምስት ብሎን ነው የሚታሰረው። በፈረንጅ ከ1968 ሞዴል ወዲህ ያሉት አራት ናቸው። የኔዋ ባለ አምስት ናት፣ ታምቡሩ ባለ አራት። ልጁ ግን ምንም አልመሰለው። «አምስተኛዋን ቶርኖ ቤት እናስበሳታለን!»

ዋጋውን ተዉት። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ካለው ፋብሪካ የወጣችው በፈረንጅ 2003 ነው። አገራችን ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና አይግባ ያለችው በእኛ 2016። ባለሱቁ ግን በደርግ ጊዜ ገብቶ አቧራ ሲጠጣ የኖረውን ዕቃ «ክልከላውን አልሰማህም? ዶላሩስ?» ብሎ ይቆልልብሃል። ታምቡሩ ከመደርደሪያው ንቅንቅ ሳይል ዶላር ሲከታተል ከርሟል። ዕቃ የሌለው ሰው ደግሞ ሌላ መላ አለው። መኪናዋን መግዛት ይፈልጋል።

አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ሊመጣ ነው ሲባል ተስፋ አደረግኩ። እዚያ አዲሱ ታምቡር እንደ ልብ ይገኛል። ችግሩ ሻንጣ ነው። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ጠያቂው ዘመድ በሙሉ። ጥንድ ታምቡር ስንት ጫማ እንደሚያስቀር ቤተሰቡ ወዲያው አሰላው። አክስቴ ደወለችልኝ።

«የኔ ልጅ፣ ሰው ከአሜሪካ ጫማ ያስመጣል፣ ቫይታሚን ያስመጣል። አንተ ብረት?»

«ለፍሬን እኮ ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ቀስ ብለህ አትነዳም?»

ታምቡሮቹ ለሚቀጥለው መንገደኛ ተቀጠሩ። ማስተሩን ግን መርካቶ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከወንበራቸው ሥር አወጡልኝ፣ በጋዜጣ እንደተጠቀለለ።

«ኦርጅናል ነው፣ አባባ?»

«የጀርመን! ከጀርመንም የጀርመን!»

ግራሶውን በአውራ ጣቴ ጠረግ አደረግኩት። ሜድ ኢን ብራዚል ይላል። አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ወደ ብርሃን አስጠጉት፣ ረጋ ብለው አነበቡት።

«ልጄ፣ ብራዚል ውስጥ ጀርመን የለም መሰለህ?»