እርማት፦ ትንሽ የናፍጣ ሞተር ሁልጊዜ አያዋጣም

«ናፍጣ ቆጣቢ ስለሆነ ለትንሽ መኪናም ከቤንዚን ይሻላል» ላሉት ወዳጄ፦ ቁጠባው እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን ስሕተት ነው። የናፍጣ ሞተር አየሩን ከ15 እስከ 20 እጥፍ አምቆ ነዳጁን ያለ ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪ)፣ እመቃው በሚፈጥረው ሙቀት ያቀጣጥላል፤ ቁጠባው በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ራሱም ከአንድ ሊትር ቤንዚን 10 በመቶ ያህል የበለጠ ኃይል ስለሚይዝ፣ በሊትር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል።

ይህን እመቃ የሚችል ከባድ ሞተርና በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውድ ፖምፓ ግን ያስፈልጋል። ሞተሩ ስላነሰ ወጪው በዚያው ልክ አይቀንስም።

ዋናው ጉዳት ያለው አጭር ጉዞ ላይ ነው። በዘመናዊ የናፍጣ መኪና የጭስ ማጣሪያው ጥቀርሻውን አቃጥሎ የሚያጸዳው 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲግል ነው፤ በ10 ደቂቃ መንገድ እዚያ አይደርስም። ለማጽዳት ተብሎ የሚረጨው ትርፍ ናፍጣም ወደ ሞተር ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘው ይመልከቱ፦ ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ካለ፣ ናፍጣ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። እባክዎ እንደዚያ አይንዱት!

ለረጅም ጉዞ፣ ለውኃ መሳቢያ ወይም ጭነት ተሸክሞ ለሰዓታት ለሚሠራ ጄኔሬተር ናፍጣን እኔም እመርጣለሁ። ለአጭር የከተማ ምልልስ ቤንዚን ይሻላል።