በግ ያልኩት በሌላ አገባብ ነው

በእኛ ከተማ መካከል አንድ ሜዳ አለ። ከተማዋ ያለችው በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከጣርማ በር ወዲህ ሲሆን፣ ኅዳር ሲገባ ሌሊት የጣለው አመዳይ ረፋድ ላይ እንኳ ከሣሩ አይለቅም፤ ሰውም በጋቢ ላይ ካፖርት፣ በካፖርት ላይ ደግሞ ወቀሳ ደርቦ ነው ከቤቱ የሚወጣው። ስሟን የማልጠራው አፍሬባት አይደለም። ብጠራት ነገ ጠዋት ማብራሪያ ስጥ መባሌ ስለማይቀር ነው፤ የማብራሪያ ነገር ደግሞ ከዚህ በታች በምናገረው ምክንያት አንገፍግፎኛል።

ይህ ሜዳ ረቡዕና ቅዳሜ የበግ ገበያ ነው። እሑድ የኳስ ሜዳ ይሆናል። የግቡ ቋሚዎች በገበያ ቀን የበግ ማሰሪያ ሆነው ስለሚያገለግሉ፣ አንድ ጊዜ ሳይሸጥ የቀረ ሙክት እዚያው ታስሮ አድሮ በማግስቱ ወደ ግብ የተመታችውን ኳስ በግንባሩ መልሷታል፤ ቡድናችንም እስከ ዛሬ ድረስ ከእሱ የተሻለ በረኛ አላገኘም። በጥምቀት ታቦት ያድርበታል። በክረምት ዳር ዳሩን የሚኖሩ ገበሬዎች ከብቶቻቸውን ያሰማሩበታል። ባለመኪኖቹ ደግሞ መናኸሪያ ይሁንልን ብለው ማመልከት ከጀመሩ ብዙ ዓመት ስለሆናቸው፣ የመጀመሪያውን ማመልከቻ የጻፈው ሰው ጡረታ ወጥቶ አሁን በግ ይሸጥበታል።

ከንቲባችን ክፉ ሰው አይደሉም። ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ አማርኛ አስተምሬያቸዋለሁ። ያኔ «አንተ» የምለው ልጅ ሳለ፣ «አይሆንም» የምትለዋን ቃል ከአፉ ማውጣት አይችልም ነበር፤ አንዱ ጓደኛው እርሳስ ቢለምነው እሺ ይላል፣ ሌላው ቢለምነው ያችኑ እርሳስ ለእሱም እሺ ይላል፣ በፈተናው ቀን ሁለቱ በእርሳሷ ሲጣሉ እሱ ባዶ እጁን ይቀመጣል። ሹመት ሲያገኝ ይህ ጠባዩ አልተለወጠም፤ ቋንቋ ብቻ ጨመረ። የበግ ነጋዴዎቹ ቢሮ ሄደው ሜዳው በአጥር ተከልሎ ቋሚ ገበያ እንዲሆንላቸው ሲጠይቁ «ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው» አሏቸው። ወጣቶቹ ስታዲየም ሲሉ «አቅጣጫ ተቀምጧል» ተባሉ። የሰበካ ጉባኤው ሽማግሌዎች የጥምቀተ ባሕሩ ቦታ ካርታ ይሠራለት ሲሉ «ይህማ የማንነታችን ጉዳይ ነው» ተብለው ተሸኙ። ገበሬዎቹ «በሂደት ይመለሳል»፣ ባለመኪኖቹ «እንደ ግብዓት ወስደነዋል» የሚል መልስ አገኙ።

እንደ አማርኛ መምህርነቴ ስለዚህ ቋንቋ ጥቂት ልበል። «ተገቢ ነው» ማለት ጥያቄው ተገቢ ነው ማለት እንጂ መልስ ያገኛል ማለት እንዳልሆነ ከተማ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። «አቅጣጫ ተቀምጧል» የሚለው ደግሞ ማን እንዳስቀመጠውና የት እንዳስቀመጠው ስለማይናገር፣ እንደጠፋ ቁልፍ ለዘላለም ሲፈለግ ሊኖር ይችላል። በሰዋስው ትምህርት ይህን ድርጊት ፈጻሚው የተሰወረበት ግስ እንለዋለን፤ በዚያ ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ ይህን ትምህርት በሚገባ የያዘው ተማሪ አንድ ብቻ እንደነበረ የተረዳሁት ከንቲባ ከሆነ በኋላ ነው። ገበሬው ግን ይህን ሰዋስው አልተማረም። ሹም «እሺ» ካለ እሺ ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሄዶም ለጎረቤቱ ይነግራል።

በኅዳር አጋማሽ የሕዝብ መድረክ ተጠራና አምስቱም ወገኖች በአንድ አዳራሽ ተገናኙ። ከንቲባው ይህን ያላሰቡት ለምን እንደሆነ አይገባኝም። እስከዚያ ቀን ድረስ አምስት እውነት በአምስት ቀጠሮ ለያይተው ሲያኖሩ የቆዩ ሰው፣ ሁሉንም በአንድ ጣራ ሥር ሲሰበስቧቸው እርስ በርስ እንደማይተዋወቁ ገምተው ይሆናል። መጀመሪያ የነጋዴዎቹ ተወካይ ተነሥቶ ስለተገባላቸው ቃል አመሰገነ። ወጣቱ ተነሥቶ «ቃሉ የተገባው ለእኛ ነው» አለ። ቄሱ ተነሡ፤ ገበሬው ተነሣ፤ ባለመኪናው ተነሣ፤ ከዚያ በኋላማ ያልተነሣው ወንበሩ ብቻ ነበር። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፤ ከንቲባችን አምስት ላይ ወጥተው ነበርና ወዲያው ከአምስቱም ወረዱ። ጠረጴዛውን መትተው እንዲህ አሉ፦

«ኧረ እንደ በግ አትሁኑ! አንዱ ገደል ሲገባ ሌላው ተከትሎ የሚገባው እኮ በግ ነው!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ድሮ አፋፉ ቅርብ ነበር፤ ዛሬ ግን ቴሌግራም የሚባል ነገር አለ። መብራት ሳይጠፋ የ17 ሰከንዱ ቪዲዮ ከእኛ ከተማ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ደርሶ፣ ማታውኑ ከውጭ አገር የሚኖር የወንድሜ ልጅ «አጎቴ፣ እናንተን ነው እንዴ በግ ያሏችሁ?» ብሎ ደወለልኝ።

በግ በሌላ አገር ምን እንደሆነ አላውቅም። በእኛ ዘንድ ግን በግ የልጅ ደብተር ነው፤ የታመመ ሰው መታከሚያ ነው፤ የፋሲካ ክብር ነው። የመንዝ በግ ጠጉሩ ተሸልቶ በሴቶች እጅ ይፈተላል፣ በወንዶች እጅ ተሸምኖ ባና ይሆናል፣ በባናው ውስጥ ደግሞ ይህን ብርድ የተቋቋመ ትውልድ ሁሉ ተወልዶ አድጎበታል። ስለዚህ ቁጣው ሁለት ዓይነት ሆነ። አንደኛው ወገን «እንዴት በግ እንባላለን?» ሲል፣ ሁለተኛው ወገን «በጋችን እንዴት እንዲህ ይባላል?» አለ፤ ሁለተኛው ወገን እንደሚበዛ ለመረዳትም ጊዜ አልፈጀም። ከመንዝ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ አረቄ በምታወጣበት ቤት ተቀምጠው፣ «በግ በራሱ ገደል አይገባም፤ ገደል የሚገባው እረኛው የተኛበት በግ ነው» ብለው ሲናገሩ ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ። ከዚያ በዓለም ሁሉ እንዳለው ዓይነት አንድ አጥብቆ ጠያቂ ተነሣና፣ ከንቲባው የጠቀሱት ንጹሑን የመንዝ በግ ነው ወይስ ዝርያ ለማሻሻል ከእሱ ጋር የተዳቀለውን አዋሲ የሚል ጥያቄ አመጣ፤ በዚህም እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጨቅን። እኔም ተጨቃጭቄአለሁ፤ አልዋሽም።

በማግስቱ ቢሮ ተጠራሁ። ከሌላ ሰው ፊት ስለነበርን «ክቡር ከንቲባ» አልኳቸው፤ እሳቸውም «መምህር፣ እርስዎ ቃል ያውቃሉ፤ አንድ ማብራሪያ ይጻፉልኝ» አሉኝ። ጡረተኛን ሥራ አለህ ብሎ መጥራት ልቡን ለመስረቅ ይበቃል። በደስታ ጻፍኩ። «በግ የሚለው ቃል ከዐውዱ ተቆርጦ የቀረበ ሲሆን፣ በቅዱሳት መጻሕፍት በግ የየዋህነት ምሳሌ ነው» የሚል፣ በበኩሌ የማላፍርበት ጽሑፍ ወጣኝ። ቄሱም በጣም ስለወደዱት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የማቴዎስ ወንጌልን ምዕራፍ 25 ጠቅሰው፣ በመጨረሻው ቀን በጎች በቀኝ፣ ፍየሎች በግራ እንደሚቆሙ አስተማሩ።

ፍየል መኖሯን የረሳነው ያን ጊዜ ነው። ጣርማ በርን አልፎ በዋሻው ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው፣ ካፖርቱን አውልቆ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሸሚዙን ወደ መፍታት እንደሚሄድ ያውቃል። ያ ቆላ የፍየል አገር ነው። በገበያ ቀን ፍየሎቻቸውን ጭነው ወደ ደጋው የሚወጡት ነጋዴዎች ማብራሪያዬን በሰሙ በሦስተኛው ቀን ከቢሮው ደጃፍ ቆሙ። «እኛ በግራ ነን ማለት ነው?» አሉ። «ለደጋው ገነት፣ ለቆላው ገሃነም ሲከፋፈል በየትኛው ጉባኤ ተወሰነ?» ብሎ የጠየቀው ወጣት የሰበሰበውን ጭብጨባ ከንቲባችን በአንድ የሹመት ዘመን አላገኙም።

ሁለተኛውን ማብራሪያ ጻፍኩ። ፍየል ብልህና ደፋር፣ በዐለት ላይ መንገድ የምትፈልግ የቆላው ሕዝብ የጽናት ምልክት መሆኗን ገለጽኩ። ቆላው ረካ፤ ደጋው ግን «ፍየል ብልህ ከሆነች በግ ሞኝ ነው ማለት ነዋ!» ብሎ ተነሣ። ሦስተኛው ማብራሪያ ላይ ደክሞኝ ስለነበር «በግና ፍየል በሕግ ፊት እኩል ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። ልኳንዳ ቤቱ «እኩል ከሆኑ ዋጋቸው ስለምን ይለያያል?» የሚል ደብዳቤ ይዞ መጣ፤ ንግድ ጽሕፈት ቤቱም በዚሁ ደብዳቤ ላይ ሦስት ጊዜ ተሰበሰበ።

በዚህ መካከል አንድ ጡረተኛ ዳኛ ነገሩን በታሪክ ሊያስታርቁት ሞከሩ። ከደብረ ብርሃን ማዶ ባለችው አንጎለላ ተወልደው በአንኮበር የነገሡት ምኒልክ፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሳለ በ1900 ዓመተ ምሕረት ባወጡት አዋጅ፣ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ እያሉ መሳደብን ከልክለው፣ የሚሳደበው አንድ ዓመት እንዲታሰር አዝዘው እንደነበረ አስታወሱን። «እሳቸው የሕዝቡን አፍ ለመዝጋት አዋጅ አወጡ፤ እኛ የሹሙን አፍ ለመዝጋት ምን እናውጣ?» ሲሉም ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው ተባለ።

እኔን የነካኝ ግን ከመንዝ የመጡት ሽማግሌ ያመጡት ነገር ነው። የጓሳ ሜዳ በመንዝ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠበቅ የኖረው ሁሉም ሰው የሚፈልገው ሜዳ ስለነበረ ነው አሉ። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ከብት ይግጠዋል። ባለመብቶቹ አለቆቻቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ የተመረጠው ሰው ሥራም በዋናነት አንድ ነው፤ ሜዳውን መዝጋት። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ በአዋጅ ይከፈታል፤ ዝናብ ሲጀምር እንደገና ይዘጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መጥቶ እስኪያፈርሰው ድረስ ይህ ሥርዓት ስንት ነገሥታት አሳለፈ! ዛሬም ማኅበረሰቡ እንደገና ተደራጅቶ ስለሚጠብቀው ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እዚያው አሉ። «ያ ሰው ዘመዱንም፣ ካህኑንም፣ ባለጸጋውንም ‹ዘንድሮ አይሆንም› ይላል» አሉ ሽማግሌው። «ይጠሉታል። ግን ሲከፈት ሣር አለ።» አዳራሹ በአክብሮት ካዳመጣቸው በኋላ፣ ከመካከላችን አንዱ ስለ ጭላዳ የተነገረው ነገር ማንን ለመንካት እንደሆነ ይብራራልን ብሎ እጁን አወጣ።

ጥምቀት አለፈ። ዐቢይ ጾም ገባ። አንድ ማታ ከንቲባው ብቻቸውን ቤቴ መጡ፤ ቤቴ ስለሆነ እንደ ጥንቱ «ግባ፣ ልጄ፣ እሳቱ ዘንድ ተጠጋ» አልኩት። በእንደዚህ ያለ መከራ ውስጥ ያለ ሰው ከሲታ ሆኖ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ጉንጩ ሞልቶ፣ ፊቱ በርቶ አገኘሁት። አራተኛ ማብራሪያ ይጻፉልኝ አለኝ። ሁሉንም የሚያበርድ አንድ ለስላሳ ነገር አስቤአለሁ ስለው ደነገጠ።

«ኧረ እንዳያደርጉት፣ መምህር! ትንሽ የሚያስቆጣ ነገር ጣል ያድርጉበት እንጂ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሦስት ወር ሙሉ ስለ ሜዳው የጠየቀኝ ሰው የለም» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድም ሰው! ነጋዴው ስለ በግ ይከሰኛል፣ ወጣቱ ስለ ቃል አመራረጤ ይከሰኛል፣ ባለመኪናው ስለ ፍየል ይከሰኛል። ይህን ሁሉ መመለስ እችላለሁ፤ ማብራሪያ ነው። ሜዳውን ግን ለአምስት ሰው እንዴት አድርጌ እሰጣለሁ?»

እዚህ ላይ ተቆጥቼ አስወጣሁት ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን የማስበው ስለ ቃሉ ነበር። የቀረ እንስሳ ምን እንዳለ አብረን ቆጠርን። ዶሮ አነሰችበት። ውሻን እኔ ተውኩት፤ ከማብራሪያ አልፎ ችሎት ያደርሳል። በመጨረሻ በቅሎ ይሻላል አልኩት። በቅሎ የከበረች ናት፣ ምሳሌም አታጣም፣ ደግሞም ዛሬ በከተማችን በቅሎ ያለው ሰው በጣት ስለሚቆጠር ነገሩ ብዙ አይሰፋም።

«በጣት የሚቆጠር ሰው ብቻ የሚቆጣበት ንግግር ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለና ጋቢውን እየደረበ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆም ብሎ አሰበ።

«መምህር፣ አህያ ያለው ሰው ስንት ይሆናል?»